ኔቫዳ ውስጥ የቆማችሁበት መሬት የማን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ላስ ቬጋስ ከምንኖር ሐበሾች ብዙዎቻችን ከተማዋን እንጂ ዙሪያዋን አናውቅም። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ አልፎ አልፎ እንግዳ ለመቀበል ኤርፖርት። ሃያ ደቂቃ ነድታችሁ ከከተማው ስትወጡ ግን ዓይን የማይጨርሰው ሜዳና ተራራ ይጠብቃችኋል። «ይሄ ሁሉ ባዶ መሬት የማን ነው?» ብሎ ያልጠየቀኝ እንግዳ የለም። እኔም ለዓመታት «የመንግሥት ነው» ብዬ አልፍ ነበር። መልሱ ልክ ነው፣ ግን ምንም አይነግርም። የትኛው መንግሥት? የትኛው መሥሪያ ቤት? እሱን ሳናውቅ ሄደን ከመንገድ ተመልሰናል፣ መክፈል የሌለብንንም ከፍለናል። ከታች ያሉት ዘመድና ወዳጅ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እውነት አብዛኛው የኔቫዳ መሬት የፌዴራል መንግሥት ነው?

እውነት ነው። ከመቶ 80 እጅ ያህሉ። ከ50ዎቹ ስቴቶች በዚህ ኔቫዳን የሚያክል የለም። ስቴቱ በስፋት የኢትዮጵያን ሩብ ያህላል፣ 70 ሚሊዮን ኤከር አካባቢ ነው (አንድ ኤከር ከግማሽ ሄክታር ትንሽ ያንሳል)። ከዚያ ውስጥ 56 ሚሊዮን ገደማ የሚሆነው በፌዴራል እጅ ነው። የግል መሬት የምታገኙት በብዛት ላስ ቬጋስና ሬኖ አካባቢ፣ ውሃ ባለባቸው ሸለቆዎች፣ እና ድሮ ባቡር በተዘረጋበት መስመር ግራና ቀኝ ነው።

ይሄን የባቡር መስመር ካርታ ላይ እዩት። በ1860ዎቹ መንግሥት ለባቡር ኩባንያው ማበረታቻ ብሎ ከሐዲዱ በሁለቱም በኩል እስከ 20 ማይል ድረስ አንዱን ካሬ ማይል እየሰጠ ቀጣዩን ለራሱ እያስቀረ ሄደ። ስለዚህ ሰሜን ኔቫዳ እስከ ዛሬ ካርታው ላይ ቁርጥ የዳማ ሰሌዳ ነው የሚመስለው። አንዱ ካሬ የግል፣ ቀጥሎ ያለው የሕዝብ። እዚያ አገር አጥር ማጠር፣ መንገድ ማውጣት፣ ከብት መንዳት ሁሉ ጣጣው ብዙ ነው።

ታዲያ እንዴት ለሰው ሳይሰጥ ቀረ?

ስለ ውሃ ነው። አሜሪካ ይሄን አገር ከሜክሲኮ የወሰደችው በ1848 ነው። በ1862 የወጣው ሕግ ደግሞ መሬት ላይ ሰፍሮ ለሚያርስ ሰው 160 ኤከር በነጻ ይሰጥ ነበር። ካንሳስ ወይም ነብራስካ ላይ 160 ኤከር ቤተሰብ ያኖራል። ኔቫዳ ላይ፣ ዝናብ በሌለበት፣ ጥቂት ላሞች እንኳን አያኖርም። ስለዚህ ውሃ ያለበት ተወሰደ፣ የቀረው ቀረ። ኔቫዳ በ1864 ስቴት ስትሆንም ያልተያዘው መሬት ላይ ጥያቄ እንደማታነሳ ፈርማ ነው የገባችው።

«ያልተያዘ» የሚለው ቃል ላይ ግን ቆም እላለሁ። መሬቱ ባለቤት ነበረው። ፓይዩት፣ ሾሾኒና ዋሾ የሚባሉት ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ይኖሩበት ነበር። ምዕራብ ሾሾኒዎች በ1863 ሩቢ ቫሊ ላይ የፈረሙት ውል መንገደኛ እንዲያልፍ የሚፈቅድ እንጂ መሬት የሸጡበት አይደለም ይላሉ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1985 ተፈርዶባቸዋል። ብዙዎቹ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም። የሕዝብ መሬት ብለን ስናወራ ይሄ መረሳት የለበትም።

ፌዴራል ሲባል አንድ መሥሪያ ቤት ነው?

አይደለም። ለብዙ ሰው ግር የሚለው እዚህ ጋ ነው። በጣም ቀላሉ ማስረዳት መኪና ውስጥ ገብቶ ማየት ነው። ከላስ ቬጋስ በዩኤስ 95 ወደ ሰሜን ምዕራብ እንሂድ። ጉዞው አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ከተማው ሲያልቅ፣ የመጨረሻዎቹ አዳዲስ ቤቶች አጠገብ፣ በስተቀኝ ግራጫማ ባዶ ሜዳ አለ። ቱሊ ስፕሪንግስ ይባላል። ባዶ አይደለም፤ የበረዶ ዘመን ማሞቶችና ግመሎች አጥንት የተገኘበት ነው፤ ከ2014 ጀምሮ የሚጠብቀው ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ነው። ትንሽ እንዳለፋችሁ የላስ ቬጋስ ፓይዩት ጎሳ መሬት ይመጣል፣ የራሱ አስተዳደር ያለው። ቀጥሎ በስተቀኝ ኮርን ክሪክ የሚል ምልክት ታያላችሁ። እሱ የዴዘርት የዱር እንስሳት መጠለያ መግቢያ ነው፤ 1.6 ሚሊዮን ኤከር ገደማ፤ አላስካ ሳይቆጠር በአሜሪካ ትልቁ፤ በ1936 ለትልልቅ ቀንዳም የበረሃ በጎች ተብሎ የተከለለ። ጠባቂው ፊሽ ኤንድ ዋይልድላይፍ ሰርቪስ ነው። በስተግራ ደግሞ ከፍ ብሎ የሚታየው፣ ክረምት ላይ በረዶ የሚለብሰው ማውንት ቻርልስተን የፎረስት ሰርቪስ ነው። በመሀል በመሀሉ ያለው ሜዳ የቢኤልኤም ነው፣ ሙሉ ስሙ ቢሮ ኦፍ ላንድ ማኔጅመንት። ኢንዲያን ስፕሪንግስ ስትደርሱ የክሪች አየር ኃይል ጦር ሰፈር ከመንገዱ ጥግ ነው። ከዚያ መርኩሪ። እዚያ ያለው በር የኢነርጂ ሚኒስቴር ነው፤ ከ1951 እስከ 1992 ድረስ 928 የኑክሌር ሙከራ የተደረገበት ቦታ።

በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ፣ ሰባት ባለቤት። በመስኮት ስታዩት ግን ያው አንድ በረሃ ነው።

ከእነዚህ ትልቁ ማን ነው?

ቢኤልኤም፣ ያለ ጥርጥር። 48 ሚሊዮን ኤከር ያህል ይዟል፣ ከስቴቱ ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው። ቀጥሎ ፎረስት ሰርቪስ በ6 ሚሊዮን ኤከር ገደማ። ሃምቦልት ቶያቤ የሚባለው ደን ከአላስካ ውጪ ትልቁ ብሔራዊ ደን ነው፤ አንድ ቦታ ግን አይደለም፤ በየተራራው ጫፍ እንደ ደሴት ተበታትኗል። ጦር ኃይሉም ቀላል አይደለም፤ የአየር ኃይሉ ማሠልጠኛ ክልል ብቻውን 2.9 ሚሊዮን ኤከር ነው።

ድንበራቸውም የሚደራረብበት ጊዜ አለ። ቅድም ያልኳችሁ የዱር እንስሳት መጠለያ ግማሽ ያህሉ ከአየር ኃይሉ ክልል ጋር የተደረበ ነው፤ በጎቹ እዚያ አሉ፣ ለእኛ ግን ዝግ ነው።

ለምን ሁሉንም ለአንድ መሥሪያ ቤት አይሰጡትም?

የተሰጣቸው ሥራ ስለሚለያይ። ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ በ1916 ሲቋቋም ቦታውን እንዳለ ለልጅ ልጅ አቆዩ ተብሎ ነው። ፎረስት ሰርቪስ ከ1905 ጀምሮ የግብርና ሚኒስቴር ሥር ነው፤ ደኑን ጠብቆ እንጨቱንም ውሃውንም ግጦሹንም ያስተዳድራል። ፊሽ ኤንድ ዋይልድላይፍ እንስሳውን ያስቀድማል፤ ሰው እንግዳ ነው። ቢኤልኤም በ1946 የድሮውን የመሬት ጽሕፈት ቤትና የግጦሽ መሥሪያ ቤቱን አዋሕዶ የተፈጠረ ነው፤ ሕጉ ሁሉንም አስማማ ይለዋል። ከብት፣ ማዕድን፣ የፀሐይ ኃይል፣ ካምፕ፣ የዱር ፈረስ፣ ሁሉም በአንድ ሜዳ ላይ። በእኔ እይታ ከሁሉም ከባዱን ሥራ የያዘው እሱ ነው። ፓርክ «አይቻልም» ማለት ይችላል። ቢኤልኤም ግን አርቢውንም፣ የሶላር ኩባንያውንም፣ ድንኳን ይዞ የመጣውንም ቤተሰብ ማስተናገድ አለበት።

ሌክ ሚድ የሚባለውን ሐይቅ ውሰዱ። ዳርቻውና መናፈሻው የናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ነው። ሁቨር ግድቡና የውሃው አለቃቀቅ የቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን ነው። ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ የምታወጡት ግን ከስቴቱ ነው። የዱር እንስሳና ዓሣ አደኑን ባብዛኛው የሚቆጣጠረው ስቴቱ ነውና፣ መሬቱ የፌዴራል ቢሆንም።

ይሄ ሁሉ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ሽርሽር ነው የምሄደው።

ብዙ። ሁለት ነገር ልንገራችሁ፣ በእኛ የደረሰ።

አንደኛው ሬድ ሮክ ካንየን ነው። እህቴ ከዲሲ መጣች፣ ጥቅምት አካባቢ፣ ቅዳሜ ጠዋት። እንጀራውን፣ ጥብሱን፣ ልጆቹን ጭነን ሄድን። በሩ ላይ «ሪዘርቬሽን አላችሁ?» ተባልን። አልነበረንም። ከኦክቶበር እስከ ሜይ በመኪና የሚዞረውን 13 ማይል መንገድ ለመግባት በኢንተርኔት ሰዓት መያዝ ግዴታ እንደሆነ አላወቅንም። ሬድ ሮክ የቢኤልኤም ነው፤ ግን ተራ የቢኤልኤም ሜዳ አይደለም፤ በ1990 በልዩ ሕግ የተከለለ ጥብቅ ቦታ ነው። የቢኤልኤም መሬት ሁሉ ልቅ ነው ብላችሁ አትሂዱ።

ሁለተኛው ማውንት ቻርልስተን። ሰመር ላይ ከተማው እሳት ሲሆን እኛ ወደ ላይ እንወጣለን፤ በጣም ቀዝቃዛ ነው፣ አየሩ ራሱ የደጋ ነው። ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት፣ የከሰል ምድጃ ተይዟል። ምድጃው ተቀምጦ ከሰሉ ሊያያዝ ሲል የደን ጠባቂዋ መጣች። ድርቅ ሲበረታ የእሳት እገዳ ይታወጃል፤ የእንጨት እሳትም ከሰልም ክልክል ነው። በጨዋነት አስረዳችን፤ የሚዘጋና የሚከፈት ቁልፍ ያለው የጋዝ ምድጃ ይቻላል አለች። በ2013 ያንን ተራራ ወደ 28 ሺህ ኤከር እሳት በልቶታል፤ የተቃጠለው ጥድ ግንድ ዛሬም ቆሞ ይታያል። እሱን ካየሁ በኋላ ከሰል ይዤ አልወጣሁም። ቡናው በጋዝ ይፈላል። ዕጣኑ ቤት ይጨሳል።

ሌላ ሌላውን በአጭሩ። ተራ የቢኤልኤም ሜዳ ላይ ድንኳን ተክላችሁ በነጻ እስከ 14 ቀን ማደር ትችላላችሁ፤ መኪናው ግን ከተረገጠ መንገድ እንዳይወጣ። ፓርክ ውስጥ በተፈቀደ ቦታ ብቻ። ድሮን ናሽናል ፓርክ ላይ ክልክል ነው። ቆንጆ ድንጋይ ያየ ልጅ ቢኤልኤም ሜዳ ላይ ጥቂት ማንሳት ይችላል፤ ፓርክ ውስጥ አንዲትም ጠጠር አይነካም። የጥንት ሰዎች የሠሩትን፣ የቀስት ጫፍም ሆነ የሸክላ ስባሪ፣ የትም ቦታ አታንሱ፤ የፌዴራል ወንጀል ነው።

አንድ የመግቢያ ፓስ ለሁሉም ይሠራል?

ለፌዴራል ቦታዎቹ አዎ። ለአሜሪካ ነዋሪ ዓመታዊው 80 ዶላር ነው፤ ሬድ ሮክም ሌክ ሚድም ይሠራል። የሬድ ሮክን ቀጠሮ ግን አይተካም፤ ቀጠሮው ለብቻው ነው። ቫሊ ኦፍ ፋየር ላይ አይሠራም፤ እሱ የስቴቱ ፓርክ ነው። ብዙ ሰው በር ላይ የሚከራከረው በዚህ ነው። ፒራሚድ ሌክ ደግሞ የፓይዩት ጎሳ ነው፤ ፈቃዱ ከነሱ ነው የሚገዛው።

በረሃው መሀል ላሞች አየሁ። የማን ናቸው?

የአርቢዎች ናቸው፣ በፈቃድ። በ1934 የወጣው ሕግ ነው ግጦሹን ሥርዓት ያስያዘው፤ ከዚያ በፊት ቀድሞ የደረሰ ይግጥ ነበር፣ ሣሩም አለቀ። ዛሬ አንድ ላም ከነጥጃዋ ለአንድ ወር ስትግጥ የሚከፈለው ከ1 ዶላር ከ35 ሳንቲም በታች እንዳይወርድ ወለል ተቀምጦለታል፤ ለብዙ ዓመታትም እዚያው ወለሉ ላይ ነበር። ርካሽ ነው የሚሉ አሉ፤ አርቢው በበኩሉ አጥሩንም ውሃውንም እኔ ነኝ የማወጣው ይላል። አንድ አርቢ ክፍያውን አልከፍልም ብሎ በ2014 ከላስ ቬጋስ ሰሜን ምሥራቅ ጠመንጃ እስከመማዘዝ የደረሰ ፍጥጫም ነበር።

ማዕድኑ የባሰ ይገርማል። የአሜሪካን ወርቅ አብዛኛውን የምታወጣው ኔቫዳ ነች፤ ከዚያም ቀላል የማይባለው ከሕዝብ መሬት ነው። የሚሠራበት ሕግ የ1872 ነው፤ በዚያ ሕግ የወርቅ አውጪው ለፌዴራል መንግሥት ከሚያወጣው ላይ ሮያሊቲ የሚባለውን ድርሻ አይከፍልም። ነዳጅ አውጪ ይከፍላል፣ ወርቅ አውጪ አይከፍልም። እኔ ይሄ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ሀብቱ የሁላችን ከሆነ ድርሻችን የት አለ?

ያን ያህል ባዶ መሬት እያለ ቤት ለምን ይወደዳል? ሄጄ መግዛት አልችልም?

ይሄን የሚጠይቁኝ በብዛት ቤት ፈልገው የደከሙ ሰዎች ናቸው። እንደ ድሮው ሄዶ መስፈር የለም፤ በ1976 ቀርቷል። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ የሕዝብ መሬት በመርህ በሕዝብ እጅ ይቆይ ብሏል። አጥሮ ቢገኝ አጥሩ ይነሳል፣ ቅጣትም አለ።

ላስ ቬጋስ ግን የራሷ ሕግ አላት። በ1998 ኮንግረስ በከተማዋ ዙሪያ መስመር አሰመረ፤ ከመስመሩ ውስጥ ያለውን መሬት ቢኤልኤም በጨረታ መሸጥ ይችላል። የትኛው ቦታ ይሸጥ የሚለውን ከከተማውና ከካውንቲው ጋር ይመርጣሉ። የሽያጩ ገንዘብ ደግሞ ወደ ዋሽንግተን ገብቶ አይጠፋም፤ 5 ከመቶ ለስቴቱ ትምህርት፣ 10 ከመቶ ለደቡብ ኔቫዳ ውሃ መሥሪያ ቤት፣ 85 ከመቶው በአብዛኛው እዚያው ኔቫዳ ውስጥ ለፓርክ፣ ለእግር መንገድ፣ ለተፈጥሮ ጥበቃ። ልጆቻችን እሑድ የሚጫወቱባቸው አንዳንድ ፓርኮች በዚህ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው።

ጨረታው በገበያ ዋጋ ስለሆነ የሚገዛው በብዛት ትልልቅ ቤት ገንቢ ነው። አቅም ላነሰው ሰው ቤት ለሚሠሩ መንግሥታዊ አካላት ግን ሕጉ በቅናሽ እንዲሸጥ ይፈቅዳል፤ በቅርብ ዓመታት እስከ 100 ዶላር በኤከር ወርዷል። ይሄ በር ሰፋ ብሎ ቢከፈት እደግፋለሁ። ውሃ ግን አለ፤ መሬት ተገኘ ማለት ውሃ ተገኘ ማለት አይደለም፤ ውሃው ሲጎድል ሌክ ሚድ ግድግዳው ላይ የቀረውን ነጭ ቀለበት ያየ ሰው ይገባዋል።

ካውንቲዎቹ ግብር ሳያገኙ እንዴት ይኖራሉ?

የፌዴራል መሬት የንብረት ግብር አይከፈልበትም። ከ1976 ጀምሮ በምትኩ በየዓመቱ ከፌዴራል ካሳ ይከፈላቸዋል። ትንሽ ነው ብለው ያማርራሉ፤ ሰፊ መሬት ይዘው ጥቂት ሰው ላለባቸው ካውንቲዎች ግን የበጀታቸው ምሰሶ ነው።

ስቴቱ ራሱ ቢረከበው አይሻልም?

በ1979 የኔቫዳ ምክር ቤት የቢኤልኤም መሬት የኛ ነው የሚል ሕግ አውጥቶ ነበር፤ አልተሳካም። ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ2025ም ኮንግረስ ውስጥ የኔቫዳን መሬት ጨምሮ የሕዝብ መሬት ይሸጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ከአዳኙም ከተራራ ተጓዡም ከአርቢውም ተቃውሞ ገጥሞት ተነሥቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ የድሮው ታሪክ ነው። በ1880 ኔቫዳ ለትምህርት ቤት የተሰጣትን ተበታትኖ የነበረ መሬት መልሳ፣ በምትኩ 2 ሚሊዮን ኤከር መርጣ ወሰደች። ያንን ዛሬ ፈልጉት። ከሞላ ጎደል ሁሉም ተሽጧል፤ የቀረው ጥቂት ሺህ ኤከር ነው። ስቴት በጀት ሲጎድልበት መሬት ይሸጣል። የተሸጠ ቦታ ላይ ደግሞ «የግል ነው፣ አትግቡ» የሚል ሰሌዳ ይተከላል፤ ያኔ ልጆቼን ይዤ የትኛው ሜዳ ላይ ነው ኮከብ የማሳያቸው?

የቆምኩበት የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ምልክቱን እዩ። የቀስት ጫፍ ቅርጽ ሆኖ ጎሽና ዛፍ ካለበት ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ነው። ጋሻ መሳይ ላይ ጥድ ካለ ፎረስት ሰርቪስ። የሚበር ዝይ ካያችሁ የዱር እንስሳት መጠለያ ገብታችኋል። ሦስት ማዕዘን ላይ ተራራ፣ ወንዝና ዛፍ ካለ ቢኤልኤም። ካርታ ላይ ደግሞ ቢጫው ቢኤልኤም፣ አረንጓዴው ደን፣ ነጩ የግል ነው። የኔቫዳን ካርታ ስትከፍቱ ቢጫ በቢጫ ነው። ኔትዎርክ በረሃው ላይ ስለሚጠፋ ካርታውን ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ ጫኑት።

ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ስለዚህ መሬት የመናገር መብት አለኝ?

አለህ፣ አለሽ። ቢኤልኤምም ሆነ ፎረስት ሰርቪስ ትልቅ ውሳኔ ከመወሰናቸው በፊት፣ የሶላር ጣቢያም ይሁን የማዕድን ጉድጓድ ወይም የመሬት ሽያጭ፣ ብዙ ጊዜ ዕቅዱን ይፋ አድርገው ከሕዝብ አስተያየት ይቀበላሉ። ዜግነት አይጠየቅም። እንግሊዝኛው የተራቀቀ መሆን የለበትም። «ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» ብቻ ከማለት ግን ቦታውን ጠቅሳችሁ ምን እንደምታደርጉበት ጻፉ፤ በዚህ መንገድ ነው ልጆቼን የማወጣው፣ እዚህ ዛፍ ሥር ነው የምንቀመጠው፣ ቢዘጋ መግቢያው በየት ይሆናል ብላችሁ ጠይቁ። የቀረበ ጥያቄ ከዕቅዱ ሰነድ ጋር ይቀመጣል፤ ፍሬ ያለውን ነገር ደግሞ አይተው መልስ የሚሰጡበት ጊዜ አለ። እኔ አንዴ ጽፌያለሁ፣ ግማሽ ገጽ፣ ስለ አንድ መንገድ። ከወራት በኋላ ሰነዱ ሲወጣ ጥያቄዬ ከነመልሱ ታትሞ አገኘሁት።